ቁልፍን በቁልፍ ቀይሬ አማቴን መንገድ ላይ አስቀረሁ

ቦንጋ ትንሽ ከተማ ናት። ዛሬ የሠራሁትን ጉድ ነገ ገበያ ላይ ተጨማምሮበት ከምትሰሙት፣ ዛሬውኑ ከራሴ አፍ ስሙት ብዬ ነው።

አንዳንዶቻችሁ እንደውም ሰምታችኋል። ከሰዓት በኋላ ብቻ ሦስት ሰው «መምህር፣ እውነት ነው እንዴ?» ብሎ ኢንቦክስ ገብቷል።

እውነት ነው።

ተማሪዎቼ፣ እዚህ ፔጅ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንብቡ። ክፍል ውስጥ ግን አንዲት ቃል እንዳልሰማ!

ለማታውቁኝ፣ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ ቦንጋ ከመጣሁ ሰባት ዓመቴ ነው። እዚሁ አገባሁ። ባለቤቴ ሰናይት የጋሽ አድማሱ ልጅ ናት።

ጋሽ አድማሱን እዚህ አካባቢ የማያውቅ የለም። ዕድሜ ልካቸውን ሾፌር ነበሩ። ከቦንጋ ዋጫ፣ ከዋጫ ጅማ፣ ቡና ሲጭኑ፣ ማር ሲጭኑ፣ ሙሽራ ሲጭኑ፣ በሽተኛ ሲጭኑ የኖሩ ሰው። ዓይናቸው ሲደክም ያቺን አሮጌ ፒክአፓቸውን ለእኔና ለሰናይት ሰጡን። ቁልፉን ሲያስጨብጡኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ።

«ሰው አትከልክልባት» አሉኝ። ሌላ ምክር የለም።

ትናንት ጠዋት አረፉ።

ዛሬ ቀብራቸው ነበር።

እኔም… ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ኦንላይን አንድ ቪዲዮ አየሁ። ሰውዬው አሮጌ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎ አንዲት ክብ ቁልፍ በጣቱ ጫን ያደርጋል። ቩም! ቁልፍ ማስገባት የለ፣ መጠምዘዝ የለ። ሪሞቱ ኪስህ ውስጥ ካለ በቃ፣ መኪናዋ ታውቅሃለች።

ታውቅሃለች!

እሷ ቃል ገደለችኝ። ሰባት ዓመት ኖሬ እዚህ አገር አሁንም «ያ ከሰሜን የመጣው መምህር» ነኝ። እስቲ ቢያንስ መኪናዬ ትወቀኝ!

ዕቃውን አዝዤ አስመጣሁ። ታምሩ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ አለ። ጎበዝ ነው። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ክሩስኮቱን (ዳሽቦርዱን) ፈታ፣ ሽቦውን እንደ አንጀት ዘረገፈው፣ ግማሽ ቀን ሙሉ አቀርቅሮ ሠራ።

መሃል ላይ ቀና አለና «መምህር፣ አሮጌው ቁልፍ ካልገባ መሪው ይቆለፋል። ወይ የሚቆልፈውን ነገር ፈትቼ ላውጣው፣ እሱ ሌላ ሥራ ነው፤ ወይ ቁልፉን አስገብቼ ጭንቅላቱን ልቁረጠው። እዛው ተቀብሮ ይቀራል» አለኝ።

«ቁረጠው!» አልኩት።

«ሌላ ቅጂ አለው?»

«የለውም። ግን ቁልፍ ከዚህ በኋላ ምን ያደርግልኛል? ቁረጠው አልኩህ!»

ቆረጠው። እኔ ደግሞ በስልኬ ቪዲዮ እየቀረጽኩ ነበር።

ከዛ ታምሩ ሌላ ጥያቄ ጠየቀኝ። «የሌባ መከላከያ አለው። ላብራው ወይስ ይቅር? ሞተሩ እየሠራ ሪሞቱ ከመኪናው ከራቀ፣ አንድ ደቂቃ ቆይቶ ሞተሩ ይጠፋል፣ በሩም ይቆለፋል። አንዳንድ ሰው ይረሳውና ይቸገራል።»

እኔ? የምረሳው እኔ? ስለ ሬዲዮ ሞገድ ክፍል ውስጥ ቆሜ የማስተምር ሰው?

«አብራው!»

ቪዲዮውን ለቀቅኩ። አይታችሁታል። ላይክ አድርጋችኋል። (ላይካችሁን መልሳችሁ መውሰድ ትችላላችሁ፣ አልቀየምም።)

ጋሽ አድማሱ ያኔ ታመው ቤት ውለው ነበር። ደጅ ወንበር ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ደረስኩና መኪናዋን ፊታቸው አቆምኩ። ደግፌ ጋቢና አስገባኋቸው። ጣታቸውን ይዤ አዲሷ ቁልፍ ላይ አሳረፍኩት። ቩም!

ሳቁ! ከታመሙ ጀምሮ እንደዛ ሲስቁ አላየሁም። «እንግዲህ ቁልፍን በቁልፍ ቀየርክ በለኛ!» አሉ።

ከዛ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «አሮጌውስ ቁልፍ?»

«አለ» አልኳቸው። «ቤት አስቀምጬዋለሁ።»

ለምን እንደዋሸሁ እስካሁን አልገባኝም። ቀላል ስለነበር ይመስለኛል። የታመመ ሰው፣ ዓይኑ የማያይ፣ ማን መሳቢያ ከፍቶ ያጣራል?

«ጥሩ» አሉ። መሪውን ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ወረዱ።

አሁን ወደ ዛሬው ልምጣ።

ቀብሩ የተወለዱበት ቦታ ነው፣ በዋጫ መንገድ ሄዶ ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ውስጥ የሚገባ ቀበሌ። ሰናይት «አባዬን በራሱ መኪና ነው የምንወስደው» አለች። የሚከራከራት የለም። እኔማ ደስ አለኝ።

አስከሬኑን ከኋላ ጫንን። በገመድ አሰርን። ሸራ አለበስን። ጋቢና ውስጥ እኔ፣ አማቴ እትዬ አበበች፣ ከዳር ደግሞ አንድ ሽማግሌ ቄስ። ሰናይትና ዘመዶቹ እድሩ ባመጣው ትልቅ የጭነት መኪና ከኋላችን።

እትዬ አበበች መንገዱን ሙሉ አላለቀሱም። አንዴ ብቻ ክሩስኮቱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፤ ሰው ትከሻ እንደሚመታ። በቃ።

ከአስፋልቱ ስንወርድ ጭቃው ተቀበለን። ዝናቡም ተከተለ።

ታች አንድ ወንዝ አለ፣ የእንጨት ድልድይ ያለው። ከድልድዩ ማዶ ዳገት። ዳገቱ ጫፍ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ። የአገሩ ሰው አስከሬኑን ሊቀበል ወንዙ ድረስ ወርዶ ቆሟል። ሕዝብ ነው የምላችሁ! ጋሽ አድማሱ አንድ ቀን ያልጫኑት ሰው እዛ ውስጥ የነበረ አይመስለኝም።

የጋሽ አድማሱ ታናሽ ወንድም ጋሽ ገብሬ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙን።

«ትልቁ ይቅደም» አሉ። «ዳገቱ ላይ ጭቃውን ይደልድል። አንተ ቆይተህ በጎማው ዱካ ተከተል። አበበችም ወደ ትልቁ ትሂድ። ትንሿ መኪና ብትንሸራተት ባሏ ሲንገላታ እንዳታይ።»

ልክ ነበሩ። እትዬ አበበች ወረዱ። ነጠላ ብቻ ነው የለበሱት። ዝናቡ ይወርድባቸዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል።

እኔስ? ጃኬቴን ሞልጬ አውልቄ ትከሻቸው ላይ ጣል!

ሕዝቡ አየኝ። አንዲት ሴትዮ «ተባረክ» አለችኝ። በሕይወቴ እንደዛች ደቂቃ ጥሩ አማች ሆኜ አላውቅም።

ሪሞቱ የት እንደነበር ገባችሁ አይደል?

እኔ ግን አልገባኝም ነበር!

የጭነት መኪናው እትዬ አበበችን ይዞ ድልድዩን ተሻገረ፣ እያጓራ ዳገቱን ወጣ፣ ከዓይን ጠፋ። እኔ ሞተሬን እንዳበራሁ ተራዬን እጠብቃለሁ። የሆነ ነገር «ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ» ይላል። የቄሱ ስልክ መሰለኝ። ለቀብር ስልካቸውን አለመዝጋታቸው እንደውም ገረመኝ።

ከዛ ሞተሩ ጸጥ አለ።

ቁልፏን ተጫንኩ። ቀይ መብራት።

ደግሜ ተጫንኩ። ቀይ።

ፍሪሲዮን ረግጬ፣ ማርሽ ነቅዬ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ በስመ አብ ብዬ። ቀይ!

ኮፈኑን ልከፍት ዘልዬ ወረድኩና በሩን ዘጋሁ። ከኋላዬ «ቀጭ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

በሮቹ ተቆለፉ። ቄሱ ውስጥ ናቸው!

በመስታወቱ ያዩኛል፣ በመስታወቱ አያቸዋለሁ። መክፈቻውን ይስባሉ፣ እምቢ ይላቸዋል። «ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ ድምፃቸው ታፍኖ።

እንደ ዕድል መስታወቷ አሁንም በእጅ እየዞረ የሚወርድ ነው። ሞተር በጣት የሚነሳባት፣ መስታወት በክንድ የሚወርድባት መኪና! አውርደውልኝ እጄን አስገብቼ በግድ ከፈትኩላቸው። ወረዱና ጥላቸውን ዘርግተው ራቅ ብለው ቆሙ። ከእኔ ይሁን ከመኪናዋ እንጃ።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ሕዝቡ ከበበኝ። አስተማሪ አይደለሁ? ገለጻ ጀመርኩ!

«ውሃ ገብቶበት ነው። ሾርት አድርጓል። ሽቦው ሲደርቅ ይነሳል። አንድ ደቂቃ ብቻ!»

ለለቀስተኛ ስለ ኤሌክትሪክ ፍሰት ሌክቸር የሰጠ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም።

ጥቂት ወጣቶች «እንግፋት» አሉ። ገፉ። ጎማው ጭቃ ውስጥ ተንሸራተተ፣ መኪናዋ ወደ ጎን ዞረች፣ ከኋላ የአስከሬኑ ሳጥን ስፖንዳውን፣ የጎን ብረቱን፣ ገጭ አደረገ።

ያ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

«በቃ!» አሉ ጋሽ ገብሬ።

ዝናቡ ሸራው ላይ ብቻ ይሰማል። አንድ ጎልማሳ ሰው ቀረብ ብሎ ስፖንዳውን በእጁ ያዘ።

«እናቴ እኔን የወለደችኝ እዚህች ላይ ነው» አለ። «ወደ ቦንጋ ሲወስዷት። ጋሽ አድማሱ በዚህች መኪና አንድም ሰው መንገድ ላይ ጥለው አያውቁም።»

እኔን ለመስደብ አልነበረም። ክፋትም የለውም። እውነቱን ነው የተናገረው። ያ ነው የባሰው።

ጋሽ ገብሬ በካፊኖኖ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ አንድ ነገር ተናገሩ። እኔ የሰማሁት «መኪና» የሚለውን ብቻ ነው። ወንዶቹ መጡ፣ ገመዱን ፈቱ፣ ሸራውን ገለጡ፣ ሳጥኑን ትከሻቸው ላይ አወጡት።

እኔም ገብቼ አንዱን ጥግ ልይዝ እጄን ሰደድኩ።

«አንተ ተው» አሉኝ ጋሽ ገብሬ። «መኪናህን ጠብቅ።»

መኪናህን! የወንድሜን መኪና አላሉም።

እና ታዲያ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ተከተልኳቸው? ለመንኳቸው?

ጠበቅኩ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፣ ኑዛዜ ከሆነ ኑዛዜ ነው። ግማሹ ኀፍረት ነበር። ግማሹ ግን፣ ፈጣሪ ይይልኝ፣ አሁንም ትነሳለች ብዬ ነው። ትነሳና ዳገቱን እያጓራች ወጥታ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ደርሼ፣ ሁሉም ዞሮ ሲያየኝ ይታየኝ ነበር። አማቴ በሰው ትከሻ ዳገት እየወጡ እኔ የማስበው ስለ መግቢያዬ ነበር።

ሕዝቡ ድልድዩን ተሻገረ። ለቅሶው እየራቀ ሄደ። እኔና መኪናዋ ቀረን።

ኔትወርክ የለም። አንድ ድንጋይ ላይ ወጣሁ፣ የለም። ከፍ ካለው ላይ ወጣሁ፣ አንዲት መስመር መጣች። ታምሩ ጋ ደወልኩ።

ሁሉንም ነገርኩት። ዝናቡን፣ ሾርቱን፣ ቀዩን መብራት። በጥሞና አዳመጠኝ።

«መምህር» አለኝ በመጨረሻ፣ በጣም በቀስታ፣ ለታመመ ሰው እንደሚነገር። «ሪሞቱ ኪስህ ውስጥ ነው አይደል?»

ኪሴን ነካሁ።

ሸሚዜን ነካሁ።

ዳገቱን አየሁ።

ሮጥኩ! በቆዳ ጫማ፣ በጭቃ፣ በዳገት። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ሁለተኛው ላይ በግንባሬ ነው። ከዛፎቹ ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ አንገቴ ውስጥ እየገባ፣ ለራሴ «ፍታቱ ረጅም ነው፣ ፍታት ሁልጊዜ ረጅም ነው» እላለሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስደርስ ሰዎቹ አካፋቸውን አስቀምጠው አፈሩን በእጃቸው እያስተካከሉ ነበር።

አልቋል።

የሰጡኝን ሁሉ ተቀብዬ፣ አንዲት ጭብጥ አፈር አላለበስኳቸውም።

ሰናይት ከመቃብሩ አጠገብ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አየችኝ። ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ ጭቃ ነኝ። እኔን ሳይሆን ባዶ እጄን፣ ከዛ እናቷ ትከሻ ላይ ያለውን ጃኬቴን ነው ያየችው። ሁሉም ገብቷት ነበር።

«ቁልፉ ምን አድርጎህ ነበር?» አለችኝ።

ከዛ ጀምሮ ይህን እስክጽፍ ድረስ አንድ ቃል አልነገረችኝም።

እትዬ አበበች ጃኬቴን እንደለበሱ ተነስተው መጡ። እጄን ይዘው ከሰው ወጣ አደረጉኝ። ከኪስ ሪሞቱን አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«መሀረብ ስፈልግ አገኘሁት» አሉ። «የመድኃኒት ማስቀመጫ መሰለኝ። የሚያምህ ነገር አለ ብዬ ስጨነቅ ነበር።»

አስቡት! ባላቸውን እየቀበሩ ስለ እኔ ጤና ተጨንቀዋል!

«እትዬ፣ እኔ…» አልኩ።

«አይዞህ» አሉ። «ሰው ነው የተሸከመው። ሰው ከመኪና ይሻላል።»

ቢቆጡኝ በወደድኩ።

ጃኬቱን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው «ቁልፉንም አውቆ ነበር» አሉኝ።

«ማን?»

«እሱ ነዋ። ያኔ ጋቢና ስታስገባው በእጁ ዳሰሰው። ተቆርጦ እዛው ውስጥ እንዳለ አገኘው። አንተ ከሄድክ በኋላ ነገረኝ። ‹ልጄ አፍሯል፣ እንዳትጠይቂው› አለኝ።»

ልጄ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊት «መምህር» ነበር የሚሉኝ። ከጀርባዬ ልጄ እንደሚሉኝ ያወቅኩት አፈር ከለበሱ በኋላ ነው።

ኧረ ወገን! ይሄን የት ነው የማስቀምጠው?

ብቻዬን ወደ ወንዙ ወረድኩ። መኪናዋ እንደቆመች ናት፣ ኮፈኗ እንደተከፈተ ቀርቶ። ዘጋሁት። ገባሁ። ተጫንኩ።

ቩም! በአንድ ጊዜ! ከዛ ዕቃው ውስጥ ያለችው ትንሽዬ የደስታ ሙዚቃ ተጫወተች። ጠዋት ጠዋት ስትጫወት እወዳት ነበር።

ለቀስተኛው ዳገቱን ሲወርድ መንገድ ዳር ቆሜ ጠበቅኩ። በሩን ከፍቼ «ግቡ» አልኩ። «እናመሰግናለን፣ በእግራችን እንሄዳለን» አሉኝ፣ አንድ በአንድ፣ በጨዋነት። ያ ሰውዬም፣ የተወለደባት ሰውዬ፣ ስፖንዳውን ነካ አድርጎ አለፈ።

መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ቄስ መጡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል መሰለኝ። በሩን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ልጄ፣ መስታወቱ ወርዶ ይቆይ» አሉና ገቡ።

እስከ ቦንጋ ድረስ መስታወቱ እንደወረደ፣ ዝናቡ እያረጠባቸው መጡ። አንድም ቃል አላማረሩም።

አሁን ቤት ነን። ማለቴ እነሱ ድንኳን ውስጥ ናቸው፣ እኔ ከድንኳኑ ጀርባ ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብዬ ይህን እጽፋለሁ። ታምሩ ነገ መጥቶ ሁሉንም እነቅለዋለሁ ብሏል። የቁልፍ ማስገቢያው ግን ከነስባሪው ተነቅሎ ሌላ መግባት አለበት። ያችን ስባሪ አውጥቶ እንዲሰጠኝ ለምኜዋለሁ። ምን እንደማደርጋት አላውቅም።

እዚህ ሆኜ ድምፃቸው ይሰማኛል። ስለ ጋሽ አድማሱ እየተጫወቱ ነው፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው ይቀጥላል፣ መሃል ላይ ይስቃሉ፣ እንደገና ያለቅሳሉ። ሁሉም በካፊኖኖ ነው። እኔ ሳቁና ለቅሶው ብቻ ነው የሚገባኝ።

የዚያን ዕቃ መመሪያ በማላነበው የቻይና ፊደል፣ ሥዕሉን እያየሁ፣ በአንድ ቀን ነው የጨረስኩት። የአማቶቼን ቋንቋ ግን በሰባት ዓመት ከሰላምታ አላለፍኩም።

አሁን ልገባ ነው። ጋሽ ገብሬም እትዬ አበበችም ውስጥ ናቸው። እግራቸው ሥር ወድቄ የምለውን በእኔ ቋንቋ ሳይሆን በእነሱ ማለት እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ካፊኖኖ የምትችሉ፣ እባካችሁ፣ «ይቅር በሉኝ» እንዴት ነው የሚባለው?

ሰናይትን እንዳልጠይቃት አታናግረኝም። ኮሜንት ላይ በደንብ አድርጋችሁ ጻፉልኝ። ቶሎ በሉ፣ ድንኳኑ ሳይበተን።